የህንድ ቂጣ “ጤናማ” የሚባለው ምኑ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ለሕክምና ወደ ህንድ የሚሄዱ ሰዎች እዚያ ምን ቢበሉ እንደሚሻላቸው በጤና ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሮቲ የሚባለው የህንድ ቂጣ ፉርሽካው ሳይወጣ ከተፈጨ ስንዴ ስለሚሠራ ለስኳር ሕመምተኛም እንደሚስማማ፣ አሁን አሁን ደግሞ ተራ ምግብ ቤቶች ሳይቀሩ ጤናማ ቂጣ ማቅረብ እንደጀመሩ ይናገራል። በቅን ልቦና የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል። ግን የጎደለው ነገር ብዙ ነው፤ ያ የጎደለው ደግሞ ታማሚ ይዞ ለሚመጣ ሰው ቀላል አይደለም። ኑሮዬ ዴልሂ ነው። ምሳዬንም ብዙ ጊዜ የምበላው ዳባ ከሚሏቸው የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ነው። ስለዚህ ያየሁትንና የማውቀውን ልጻፍላችሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ዱቄቱን እንለይ። ህንድ ውስጥ የስንዴ ዱቄት ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አታ ይባላል፤ ፉርሽካው ያልወጣለት፣ ቡናማ የሚለው። ሰው ቤቱ የሚጋግረው ቻፓቲ የሚባለው ስስ ሮቲ በእሱ ነው የሚሠራው። ሁለተኛው ማይዳ ነው፤ ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ የፊኖ ዱቄት። ናንና ኩልቻ የሚባሉት ለስላሳ ቂጣዎች፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ የሚነፋው ባቱራ፣ እነዚህ ሁሉ በዋናነት ማይዳ ናቸው። የህንድ የሥነ ምግብ ተቋም በ2017 ባወጣው የምግቦች ይዘት ሰንጠረዥ 100 ግራም አታ ውስጥ 11 ግራም ያህል ፋይበር አለ፤ ማይዳ ውስጥ ግን 3 ግራም እንኳ አይሞላም። ፕሮቲናቸው ተቀራራቢ ነው። እንግዲህ ከስንዴው ላይ የተወሰደው ዋናው ነገር ፋይበሩ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው የሚፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው።

ጽሑፋችሁ ያለፈው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ቤት የሚጋገረው ሮቲና ምግብ ቤት የሚቀርበው ሮቲ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ አንድ አይደሉም። ታንዱር በሚሉት የሸክላ ምድጃ ውስጥ የተጋገረ ሮቲ ንጹህ አታ ከሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ትንሽ ከቆየ ለማኘክም ያስቸግራል። ስለዚህ ብዙ ወጥ ቤት ማይዳ ይቀላቅልበታል። ለምን ብትሏቸው ደንበኛው ለስላሳ ነው የሚፈልገው ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው፣ አልፈርድባቸውም። ግን ሜኑው ላይ የተጻፈው “ሮቲ” ብቻ ነው። ምን ያህሉ አታ፣ ምን ያህሉ ማይዳ እንደሆነ የሚያውቀው ሊጡን ያቦካው ሰው ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ “ማልቲግሬይን ሮቲ” የሚባል መጥቷል። ባለ ብዙ እህል ማለታቸው ነው። ሰፈሬ አካባቢ ያለ አንድ ምግብ ቤት ሜኑው ላይ አረንጓዴ ቅጠል ስሎበት ከተራው ታንዱሪ ሮቲ ከእጥፍ በላይ ዋጋ ይሸጠዋል። ምን ምን እህል አለበት ብዬ ጠየቅኩ። አስተናጋጁ ደግ ልጅ ነው፤ ወጥ ቤት ገብቶ ጠይቆልኝ መጣ። ዱቄቱ ከሱቅ ታሽጎ የሚገዛ ነው፣ አብዛኛው ስንዴ ነው፣ የቀረው ትንሽ አኩሪ አተርና አጃ ነው አለኝ። ገበያ ላይ ያሉትን የባለ ብዙ እህል አታ ከረጢቶች ጀርባቸውን ገልብጣችሁ ብታነቡ ከመቶ 90 ያህሉ ስንዴ የሆነ ታገኛላችሁ። መጥፎ ዱቄት ነው አልልም። አታ ስለሆነ ከማይዳ ይሻላል። ግን ከተራው የቤት አታ ጋር ያለው ልዩነት ያን ሁሉ ዋጋ የሚያስጨምር አይደለም። ደግሞ ያ ሮቲ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ከላይ ሰሊጥ ተነስንሶበት በቅቤ ያብረቀርቅ ነበር። ጤናማ ነው የተባለው እንግዲህ እሱ ነው።

የቅቤውን ነገር በደንብ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሰው ዱቄት ዱቄት ሲል ቅቤው ያመልጠዋል። ታንዱር ላይ የሚሠራውን ሰው ቆማችሁ እዩት። ሊጡን በሁለት መዳፉ መሀል እያገላበጠ ያሳሳዋል። ከዚያ በጨርቅ የተሠራች ትንሽ ትራስ ላይ ዘርግቶ ከጋለው የሸክላ ግድግዳ ጋር ይለጥፈዋል። ብዙም ሳይቆይ በሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ አንደኛው ጫፉ የተቆለመመ ነው፣ ነቅሎ ያወጣዋል። እስከዚህ ድረስ ቅባት የሚባል አልነካውም። ትኩስ ነው፣ እዚህም እዚያም ጠቆር ብሏል፣ ሽታው ብቻውን ያጠግባል። በቃ፣ ከዚህ የተሻለ ቂጣ የለም። ከዚያ አጠገቡ ካለችው ጣሳ ብሩሹን ያነሳና አንዴ ሙልጭ አድርጎ ይቀባዋል። ማንንም አይጠይቅም፤ እጁ ለምዶታል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 100 ካሎሪ ገደማ ነው። ይህ ማለት ከአንዲት ትንሽ ደረቅ ቻፓቲ ጋር እኩል ነው። ሦስት ሮቲ በላሁ ብሎ የሚያስብ ሰው በካሎሪ ደረጃ አምስት ስድስት በልቶ ሊነሳ ይችላል።

ርካሽ ቦታ ላይ ደግሞ ቅቤ ተብሎ የሚቀባው ሁሉ ቅቤ አይደለም። ቫናስፓቲ የሚሉት አለ፤ በፋብሪካ እንዲረጋ የተደረገ የአትክልት ዘይት ነው። ትራንስ ፋት የሚባለው ልብን የሚጎዳ ቅባት ለዓመታት ዋና ምንጩ እሱ ነበር። የህንድ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ከጥር 2022 ጀምሮ በዘይትና በቅባት ውስጥ ያለው ትራንስ ፋት ከመቶ 2 እንዳይበልጥ ወስኗል። ጥሩ ሕግ ነው፤ በጣም ጥሩ። ባቱራና ፑሪ የምትባለው ትንሽ ቂጣ የሚጠበሱበት ዘይትም ከ2018 ጀምሮ ደጋግሞ ሲሞቅ የሚፈጠረው ጎጂ ነገር ከተወሰነ መጠን ካለፈ መደፋት አለበት የሚል ደንብ ወጥቷል። ግን እዚያ መንገድ ዳር ያለውን የጠቆረ መጥበሻ ማን መጥቶ ይለካል?

የካሎሪ ጽሑፍም እንዲሁ ነው። ከ2022 ጀምሮ 10 እና ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች የእያንዳንዱን ምግብ ካሎሪ ሜኑ ላይ እንዲጽፉ ይገደዳሉ። ትልልቆቹ የፈጣን ምግብ ድርጅቶች ይጽፋሉ። ዳባው አይመለከተውም። ሊመለከተውም አይገባም፤ አንድ ታንዱርና አራት ጠረጴዛ ይዞ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ካሎሪ አስለካ ማለት ግፍ ነው። እኔ የምጠይቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ግድግዳው ላይ ዋጋ በኖራ ሲጽፍ ከሮቲው አጠገብ “አታ ብቻ” ወይም “አታና ማይዳ” ብሎ ይጻፍ። ቅቤውን ደግሞ ጠይቆ ይቀባ። ገንዘብ አያስወጣውም፣ እንዲያውም ቅቤ ይተርፈዋል።

ጽሑፋችሁ ላይ ካሳዘነኝ ነገር አንዱ ጤናማ ቂጣ አሁን የተፈለሰፈ አስመስሎ ማቅረቡ ነው። እኮ ድሮም ነበር! ሀገሩ ሙሉ ነው። ፑንጃብ ውስጥ የብርዱ ወቅት ሲገባ የበቆሎ ዱቄት ሮቲ ከሰናፍጭ ቅጠል ወጥ ጋር ይበላል። ራጃስታንና ጉጃራት ባጅራ የሚሉት ጥቃቅን እህል አለ፤ ቂጣው ጠቆር ያለ፣ ከበድ የሚል፣ አንዱ የሚያጠግብ ነው። ጉጃራቶች ደግሞ የአብሽ ቅጠል ከሊጡ ጋር አቡክተው ቴፕላ የሚባል ስስ ቂጣ ይጋግራሉ፤ ለመንገድ ስንቅ የሚይዙት እሱን ነው። ካርናታካ የዳጉሳ ሀገር ነው። ዳጉሳ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተነስቶ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ህንድ የገባ እህል ነው፤ 100 ግራሙ ውስጥ ከ300 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም አለው። ስንዴ አጠገቡ አይደርስም።

ከሁሉም ግን ልቤን የሚወስደው የማሽላው ነው። ማሃራሽትራ ባክሪ ይሉታል፣ ሰሜን ካርናታካ ደግሞ ጆላዳ ሮቲ። ማሽላ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ግሉተን የለውም። ስለዚህ በመዳመጫ ልዳምጠው ቢሉት ይሰነጣጠቃል። ሴቶቹ የፈላ ውሃ ያፈሱበትና በመዳፋቸው ሥር እየገፉ በደንብ ያሹታል። ለአንድ ቂጣ የሚሆን ብቻ ነው በአንዴ የሚያሹት፤ ከቆየ ይደርቃልና። ከዚያ በእጃቸው እየመቱ፣ እያዞሩ፣ እየመቱ ክብ ያደርጉታል። ምጣድ ላይ ሲያርፍ ከላይ ያለውን ገጽ እርጥብ እጃቸውን ያስኬዱበታል። ውሃው ደረቅ ሲል ይገለብጡታል፤ መጨረሻ ላይ በቀጥታ እሳቱ ላይ ሲያደርጉት ይነፋል። ዘይት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እርሾ የለ። ከጥሬ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ከተወቀጠ ቃሪያ ጋር ስትበሉት፣ ምን ልበላችሁ፣ ሌላ ነገር አያምራችሁም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለ ለምን ተራ ምግብ ቤት አናገኘውም? አንደኛ ሥራው እጅ ይፈልጋል። አንድ የታንዱር ሠራተኛ በሚለጥፈው ፍጥነት ባክሪ መጋገር አይቻልም፤ ምሳ ሰዓት ወረፋ ሲበዛ ባለቤቱ ይጨንቀዋል። ሁለተኛ የባጅራ ዱቄት ቅባት ስላለው ቶሎ ይመርራል፤ ጆንያ ገዝቶ ማስቀመጥ አይሆንም። ሦስተኛው ግን ሰው ራሱ ነው። ለረጅም ጊዜ እነዚህ እህሎች የድሃ ምግብ ተብለው ኖረዋል። ከ1960ዎቹ ወዲህ የእርሻ አብዮቱ ስንዴና ሩዝን ከፍ ሲያደርግ፣ የመንግሥት ራሽንም በእነሱ ላይ ሲቆም፣ ማሽላና ባጅራ ከማዕድ ወረዱ። እንግዳ ሲመጣ ነጭ ነገር ማቅረብ ክብር ሆነ። ሬስቶራንት ገብቶ ደግሞ ቤቱ የሚበላውን ባክሪ ማን ያዛል?

አሁን ነገሩ ተገልብጧል። በህንድ ጥያቄ የተባበሩት መንግሥታት 2023ን የእነዚህ ጥቃቅን እህሎች ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። መንግሥትም “ሽሪ አና” የሚል የክብር ስም ሰጣቸው። ፖስተሩም በዛ፣ ማስታወቂያውም በዛ። ውጤቱ ግን ውድ ካፌዎች ውስጥ ነው ጎልቶ የታየው። በ2013 በወጣው የምግብ ዋስትና ሕግ ላይ ለድሃ የሚሰጠው ሩዝ በኪሎ 3 ሩፒ፣ ስንዴ 2 ሩፒ፣ እነዚህ እህሎች ደግሞ 1 ሩፒ ተብሎ ነበር የተተመነው። ሕጉ ላይ ከሁሉ ርካሽ የሆነው እህል ሜኑ ላይ ከሁሉ ውድ ሆኖ ሲመጣ ያበሳጫል። ጤናማውን ቂጣ መብላት ያለበት እኮ ቀን ሙሉ ሪክሾ የሚገፋው ሰውም ነው።

እንደሚቻልም ታይቷል። በ1995 የማሃራሽትራ ክልል መንግሥት ዙንካ የሚባለውን የሽምብራ ዱቄት ወጥ ከባክሪ ጋር በ1 ሩፒ የሚሸጡ ትንንሽ ኪዮስኮች እንዲከፈቱ አድርጎ ነበር። ድጎማው ሲቀር ብዙዎቹ ሌላ ነገር ወደ መሸጥ ዞሩ። ያለ ድጎማ የሚኖሩም አሉ። ሰሜን ካርናታካ ውስጥ ካናቫሊ የሚባሉ ቤቶች አሉ፤ ቤት የመሰሉ ተራ ምግብ ቤቶች ናቸው። እዚያ ጆላዳ ሮቲ ዋናው ነገር ነው፣ ልዩ ትእዛዝ አይደለም። ቤንጋሉሩ ከተማ ውስጥም ታገኟቸዋላችሁ። ጥበባቸው ምን መሰላችሁ? ለስላሳውን ትኩስ ትኩሱን ይጋግራሉ፣ ጎን ለጎን ደግሞ አድርቀው ያስቀመጡት ጥርስ ላይ ኩርሽም የሚል ሮቲ አላቸው። ይሄኛው ለሳምንታት አይበላሽም። ሴቶች ቤታቸው ጋግረው በደርዘን ይሸጡታል። የእጅ እጥረቱም፣ የመድረቁም ችግር በአንዴ ተፈታ ማለት ነው። የዴልሂ ዳባ ይህን ለመማር ምን ይከለክለዋል?

እስከዚያው ግን ዴልሂም ሆነ ፑንጃብ ያለ ሰው የሚያዝዘው አለ። ሚሲ ሮቲ ይባላል። ብዙ ዳባ ሜኑ ላይ ከታች ጥግ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የሽምብራ ዱቄትና አታ ተቀላቅሎ፣ ነጭ አዝሙድ፣ አንዳንዴም ሽንኩርትና ቃሪያ ገብቶበት ታንዱር ውስጥ ይጋገራል። የሽምብራ ዱቄት ፕሮቲኑ የስንዴውን እጥፍ ያህላል። ዋጋው ከናን እምብዛም አይበልጥም። ጽሑፋችሁ ስለ ማልቲግሬይን ያን ሁሉ ሲያወራ ሚሲ ሮቲን አንዴ እንኳ አለማንሳቱ ገርሞኛል።

ፓራታ የሚሉትን ውስጡ አትክልት የሚሞላ ቂጣ ለሚወድም መንገድ አለው። ከዴልሂ ወደ ሰሜን በሚወጣው አውራ ጎዳና ላይ ሙርታል የምትባል ቦታ በፓራታዋ ታውቃለች፤ ሌሊት ሁሉ መኪና ይቆምባታል። እዚያ ፓራታው ብዙ ጊዜ ታንዱር ውስጥ ነው የሚጋገረው። ነጭ ቅቤው በትልቁ ተቆርሶ ይመጣል እንጂ ሊጡ ዘይት ውስጥ አልተዘፈቀም። ቅቤውን ለብቻው አምጡልኝ ካላችሁ በነጭ ራዲሽ ወይም በአበባ ጎመን የተሞላው ጥሩ ምግብ ነው። አሮጌው ዴልሂ ቻንድኒ ቾክ ውስጥ ባለችው የፓራታ ጠባብ መንገድ ግን ፓራታው ጊ በሚሉት የተነጠረ ቅቤ ውስጥ ተንሳፍፎ ነው የሚጠበሰው። ሄዳችሁ ቅመሱት፣ ታሪክ ነው፤ ታማሚ ግን አትውሰዱ።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። በ2023 በወጣው ሀገር አቀፍ ጥናት ህንድ ውስጥ 101 ሚሊዮን ሰው ስኳር አለበት፤ 136 ሚሊዮን ደግሞ አፋፍ ላይ ነው። ከዚሁ ጥናት በ2025 የወጣው ክፍል የሰዉ ካሎሪ 62 በመቶ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት እንደሚመጣ አሳይቷል። ነጩን ሩዝ በስንዴ ወይም በእነዚህ እህሎች ዱቄት መተካት ብቻውን፣ ጠቅላላው ካርቦሃይድሬት ካልተቀነሰ፣ አደጋውን ዝቅ ከማድረግ ጋር አልተገናኘም። ስለዚህ የማሽላ ሮቲ ነው ብሎ ስድስት መብላት ዋጋ የለውም። ዳጉሳም ቢሆን ልሞ ከተፈጨ ሆድ ውስጥ ቶሎ ስኳር ነው የሚሆነው። ሮቲውን ቀንሶ ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ አትክልቱን መጨመር ነው እንጂ። ዳባ ላይ ደግሞ ዳል የሚሉት የምስር ወጥ ሞልቷል፣ ርካሽም ነው።

በመጨረሻ ለሕክምና ለሚመጡት ወገኖቼ። ሆስፒታሎቹ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች እናንተን ለምደዋችኋል፤ እንግሊዝኛ ባይችሉም ይግባባሉ። ስትገቡ ታንዱሪ ሳይሆን “ታዋ ሮቲ” በሉ፤ ምጣድ ላይ የሚጋገረው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ንጹህ አታ ነው። “ቢና መካን” ካላችሁ ቅቤ አይቀቡባችሁም። “ማይዳ ሚላ ሄ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ ማይዳ አለበት ወይ ማለት ነው። እንደኔ ልምድ ሲጠየቁ እውነቱን ይናገራሉ። እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ስንት ሮቲ ይብሉ የሚለውን ሐኪሙን ጠይቁት። መጠናቸውም ከቤት ቤት ስለሚለያይ የበሉበትን ቂጣ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አሳዩት። እርጎና ኪያር ጎን ለጎን እዘዙ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ ሮቲውን በአንዴ ከመቀነሳችሁ በፊት ለሐኪሙ መንገር የግድ ነው፤ መድኃኒቱ ከምግቡ ጋር ካልተስተካከለ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል።

ይህን ደብዳቤ ብታወጡት፣ ቦታ ካነሰባችሁም የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ እንኳ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከኒው ዴልሂ